የተሰናከለ ፕሮግራም ለማን ይናገራል?
(ስለ ኤክሴፕሽን አነዳደፍ በፕሮግራም ቋንቋዎች)

ማናቸውም የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ነገር ሁሉ እንደ ታሰበው ሲሆን የሚሄድበት ነው፤ ሁለተኛው አንድ ነገር ሲጎድል፥ ሲበላሽ ወይም ሲቋረጥ የሚሄድበት ነው። በትምህርት ክፍል አዘውትረን የምንማረው የፊተኛውን ነው። ነገር ግን ፕሮግራሙ ከክፍል ወጥቶ በመድኃኒት ቤት፥ በመጋዘን ወይም በመዝገብ ቤት ሥራ ላይ ሲውል፥ ሰው የሚጎዳው ወይም ከጉዳት የሚድነው በሁለተኛው መንገድ አሠራር ነው።

የፕሮግራም ቋንቋ የሚነድፉ ሊቃውንት ለዚህ ለሁለተኛው መንገድ ያዘጋጁት ዋና መሣሪያ ኤክሴፕሽን ይባላል፤ ከተለመደው ሥርዓት የወጣ ጉዳይ ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ መሣሪያው ስለ ምን እንዳስፈለገ፥ ነዳፊዎቹ በምን በምን ነጥብ እንደ ተለያዩ፥ እንዲሁም ክርክሩ በደሴና በኮምቦልቻ ፕሮግራም ለምንጽፍ ተማሪዎች ምን ትርጉም እንዳለው ባጭሩ ለመግለጽ የታሰበ ነው።

፩. የጉዳዩ መነሻ

ከሁሉ አስቀድሞ የድሮውን ዘዴ እንመልከት። በሲ ቋንቋ አንድ ፋንክሽን ሥራው ሳይሳካለት ሲቀር ብዙ ጊዜ እንደ -1 ያለ ቁጥር ይመልሳል። ጠሪው ያን ቁጥር አይቶ መሰናክል መኖሩን ይረዳል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ሆኖም ሦስት ጉድለት አለበት። በመጀመሪያ፥ ጠሪው የተመለሰለትን ቁጥር ሳያይ ቢያልፍ የሚከለክለው የለም። ሁለተኛ፥ የመሰናክሉ ምልክትና እውነተኛው መልስ በአንድ በር ስለሚወጡ ሊደባለቁ ይችላሉ፤ የሙቀት መጠን የሚለካ ፋንክሽን -1 ቢመልስ፥ ብርድ ነው ወይስ ብልሽት? ሦስተኛ፥ መሰናክሉን ያየው ፋንክሽን ከታች፥ ውሳኔ ሊሰጥ የሚችለው ከላይ ስለ ሆነ፥ በመካከል ያሉት ፋንክሽኖች ሁሉ ምልክቱን እየተቀባበሉ ማሳለፍ አለባቸው። ከመካከላቸው አንዱ ቢዘነጋ ወሬው እዚያው ይቀራል።

የዚህን የሦስተኛውን ነገር ክብደት በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አንድ ሠራተኛ በሚሌ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ሲመዝን፥ ክብደቱ በሰነዱ ላይ ከተጻፈው ጋር አልስማማ አለው እንበል። መዛኙ ልዩነቱን አይቷል፤ ነገር ግን ጭነቱ ይራገፍ ወይስ ይመለስ ብሎ ለመወሰን ሥልጣኑም የጉዳዩም ሙሉ ዕውቀት የለውም። የቅርብ አለቃው ካወቀ እርሱ ይወስናል፤ ካልሆነለትም ወደ በላዩ ያስተላልፋል። ነገሩን የሚያየው አንድ ሰው፥ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው።

ኤክሴፕሽን ይህን ሥርዓት ወደ ቋንቋው ሕግ ያስገባል። መሰናክል ያገኘ ፋንክሽን ጉዳዩን «ይጥላል»፤ የተጣለውም ጉዳይ ከተጠሪ ወደ ጠሪ፥ ከዚያም ወደ ጠሪው ጠሪ እየወጣ «እኔ እይዘዋለሁ» የሚል እስኪያገኝ ድረስ ይጓዛል። የሚይዘው ከጠፋ ፕሮግራሙ በሙሉ ይቆማል። በመካከል ያሉት ፋንክሽኖች ምንም ባይጽፉ እንኳ ወሬው በእነርሱ ላይ ያልፋል እንጂ አይቀርም። እንግዲህ ዋናው ለውጥ ይህ ነው፤ በድሮው ዘዴ የዘነጋ ሰው ዝምታን ያገኛል፥ በአዲሱ ዘዴ የዘነጋ ሰው የቆመ ፕሮግራም ያገኛል።

፪. ስለ ታሪኩ ጥቂት ቃል

አሳቡ አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአይ ቢ ኤም ኩባንያ ያወጣው ፒ ኤል ዋን የተባለው ቋንቋ «ይህ ሁኔታ ቢደርስ ይህን አድርግ» የሚል ትእዛዝ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1975 ጆን ጉድኢናፍ የተባለ ሊቅ ስለ ጉዳዩ የጻፈው ጥናት፥ መሣሪያው የሚነሡበትን ጥያቄዎች በሥርዓት አስቀመጠ። ከዚያም በኤም አይ ቲ ባርባራ ሊስኮቭና ባልደረቦቿ በሠሩት ክሉ በተባለው ቋንቋ፥ ቀጥሎም በአዳ፥ በሲ ፕላስ ፕላስና በጃቫ መሣሪያው እየተስፋፋ ሄደ።

ይሁን እንጂ ሁሉም በአንድ ቃል አልተቀበሉትም። ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1980 የቱሪንግ ሽልማት በተቀበለ ጊዜ ባደረገው ንግግር አዳን አጥብቆ ሲነቅፍ፥ የኤክሴፕሽን አያያዝን አደገኛ ካላቸው ነገሮች መካከል ቈጥሮታል። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት እንዳልነበረ ወደ ኋላ እናያለን።

፫. ተመልሶ መቀጠል ወይስ ማቋረጥ?

ነዳፊዎቹ የተለያዩበት የመጀመሪያው ጥያቄ የሚከተለው ነው። ጉዳዩ ከተያዘ በኋላ ሥራው ከተሰናከለበት ቦታ ይቀጥል ወይስ የተሰናከለው ሥራ ይተው? ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን የሚወጣ መኪና ጎማው ቢፈነዳ፥ ሾፌሩ እዚያው ለውጦ ጉዞውን ይቀጥላል። ሞተሩ ቢነድ ግን ዕቃው በሌላ መኪና ይጫናል፤ የፊተኛው ጉዞ እዚያ ላይ አበቃ።

ፒ ኤል ዋንና ሜሳ የተባለው ቋንቋ የመቀጠልን መንገድ ፈቅደው ነበር። ሲነገር መልካም ይመስላል። ነገር ግን ከላይ ሆኖ የሚይዘው ክፍል ከታች ያለውን ሥራ ውስጣዊ ሁኔታ ሳያውቅ «ቀጥል» ማለቱ ነው፤ የጎደለው ነገር ሳይሟላም ሥራው ሊቀጥል ይችላል። የሲ ፕላስ ፕላስ ነዳፊ ብያርነ ስትሮስትሩፕ እንደ ጻፈው፥ ስለዚህ ነገር ሲመካከሩ ከሁሉ ይልቅ ያሳመናቸው የሜሳ ባለሙያዎች ምስክርነት ነበር። በብዙ ዓመታት ሥራ በአንድ ትልቅ ሥርዓት ውስጥ ተጽፈው የነበሩት «ቀጥል» የሚሉ ቦታዎች እየተመረመሩ በማቋረጥ ተተክተው በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። ዛሬ ጃቫ፥ ፓይተን፥ ሲ ሻርፕና ሲ ፕላስ ፕላስ ሁሉም በማቋረጥ መንገድ ይሄዳሉ። የኮመን ሊስፕ ቋንቋ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የመቀጠልን መንገድ በጥሩ ሥርዓት ይዞት ይገኛል።

፬. አስቀድሞ መናገር ግዴታ ይሁን?

ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ክርክር አስነሥቷል። አንድ ፋንክሽን ሊጥላቸው የሚችላቸውን ጉዳዮች አስቀድሞ በስሙ አጠገብ መጻፍ አለበትን? ጃቫ ለአንዳንዶቹ ጉዳዮች «አዎን» ይላል። ጠሪው ወይ ይይዛቸዋል፥ ወይ እርሱም በተራው ያስታውቃል፤ ከሁለቱ አንዱን ካላደረገ ፕሮግራሙ አይተረጐምም። ይህ ሕግ መሰናክልን የውል ክፍል ያደርገዋል፤ ሊደርስ የሚችለውን ሁሉ ጠሪው አስቀድሞ ያውቃል።

የሲ ሻርፕ ዋና ነዳፊ አንደርስ ሃይልስበርግ ግን ይህን ሕግ በቋንቋው ውስጥ አላስገባም። ምክንያቱም ሕጉ በትልቅ ሥራ ላይ ሲውል ሰዎች ሳያስቡ የሚያመልጡበትን መንገድ ይፈልጋሉ የሚል ነው። ይህን እኛም በተማሪዎች ሥራ ላይ ዕለት ዕለት የምናየው ነው። ተርጓሚው «ይህን ጉዳይ ያዝ» ብሎ ሲያስቸግር፥ ተማሪው «ያዝ» የሚለውን ቃል ይጽፍና በቅንፎቹ መካከል ባዶ ይተወዋል። ፕሮግራሙ ይተረጐማል፥ መምህሩ ፊት ይሮጣል፥ ማርክም ይሰጠዋል። መሰናክሉ ግን ተቀበረ እንጂ አልተፈታም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ባዶ መያዣ ካልተያዘ ኤክሴፕሽን የከፋ ነው። ያልተያዘው ፕሮግራሙን ያቆመዋል፤ የቆመ ፕሮግራም ደግሞ ቢያንስ አይዋሽም። ባዶ መያዣ ያለበት ፕሮግራም ግን ሥራው ያልተሠራ ሲሆን እንደ ተሠራ አድርጎ ይቀጥላል። ሆር የፈራው አንዱ ነገር ይኸው ነው ለማለት ይቻላል፤ መሣሪያው በጎ ቢሆንም ለመደበቂያ ይመቻል።

፭. ስለ ጳጉሜንና ስለ ፊደል

እስካሁን የተናገርነው በሌላ አገር ለተማረም ያው ነው። አሁን ወደ ራሳችን ነገር እንመለስ። በደሴ አንድ መድኃኒት ቤት የመድኃኒቶቹን ማለፊያ ቀን በኢትዮጵያ አቈጣጠር የሚመዘግብ ፕሮግራም እንዲጻፍለት ፈለገ እንበል። ጸሐፊው ሳያስብ ቀኑን ቋንቋው ለአውሮፓ አቈጣጠር ባዘጋጀው የቀን ዓይነት ውስጥ አስቀመጠው። አብዛኛው ቀን ያለ ችግር ይገባል። ከዚያ አንድ ሠራተኛ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ብሎ ይጽፋል፤ ዓመቱ የዘመነ ሉቃስ ስለ ሆነ ቀኑ በእርግጥ ያለ ቀን ነው። ኮምፒዩተሩ የሚያየው ግን ዓመት 2015፥ ወር 13፥ ቀን 6 ነው።

በዚህ ላይ ቋንቋዎቹ የሚሰጡት መልስ የተለያየ ነው። ፓይተን 13ኛ ወር የለም ብሎ ኤክሴፕሽን ይጥላል። የጃቫ አዲሱ የቀን ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ ይጥላል፤ ይሁን እንጂ ይህ ኤክሴፕሽን በግዴታ ከሚገለጹት ውስጥ ስላልሆነ ተርጓሚው አስቀድሞ አያስጠነቅቅም። ጃቫስክሪፕትና ጎ ግን ምንም አይጥሉም። 13ኛውን ወር የሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ወር አድርገው ይቈጥሩታል። ስለዚህ የተጻፈው ቀን ዓመት 2016፥ ወር 1፥ ቀን 6 ይሆናል፤ ተመልሶ በእኛ አቈጣጠር ሲነበብ መስከረም 6 ቀን 2016 ነው። የመድኃኒቱ ዕድሜ ማንም ሳያዝዝ በ6 ቀን ተራዘመ ማለት ነው።

ጥቅምት 30ም ከዚህ አያመልጥም። ጥቅምት 2ኛ ወር ስለ ሆነ በፌብሩዋሪ ቦታ ይገባል፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን የለውም። ዝም ብለው የሚያስተካክሉት ቋንቋዎች በ2015 ይህን ቀን ወደ ኅዳር 2 ይወስዱታል።

ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። ዝም ብሎ የማስተካከል ንድፍ ያለ ምክንያት የተሠራ አይደለም፤ «ከዛሬ 40 ቀን በኋላ» የሚለውን ለማስላት በጣም ይመቻል። ነገር ግን ነዳፊው 13 ወር ያለው ሕዝብ መኖሩን አላሰበም። እርሱ «የማይሆን ቀን» ያለው ለእኛ የዓመቱ መጨረሻ ነው። መፍትሔውም ኤክሴፕሽኑን መያዝ ብቻ አይደለም፤ ለኢትዮጵያ ቀን የራሱን ዓይነት ማበጀት ነው። ይህም ዓይነት ጳጉሜን በዓመቱ 5 ወይም 6 ቀን መሆኗን ራሱ መርምሮ፥ በእውነት የማይሆን ቀን ሲመጣበት ብቻ መጣል አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ የፊደላችን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3ኛው እትም ነው። ይሁን እንጂ ላቲን ብቻ ወደሚያውቅ አሮጌ ሥርዓት ስም ማስተላለፍ ዛሬም ሊያጋጥም ይችላል። ፓይተን በዚህ ጊዜ ለጸሐፊው ምርጫ ይሰጠዋል። ምንም ካልተናገረ ኤክሴፕሽን ይጥላል። «ተካ» ቢለው የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካል። «እለፈው» ቢለው ፊደሉን ጨርሶ ይጥለዋል። እንግዲህ «ተካ» በሚለው መንገድ ፋጡማ የተባለችው በሽተኛ ??? ትሆናለች፤ ከበደ የተባለውም ??? ይሆናል። ሁለት ሰዎች አንድ ስም ያዙ። «እለፈው» በሚለውም ሁለቱም ስም አልባ ይሆናሉ። ፕሮግራሙ ግን አልቆመም፥ ቀይ ጽሕፈትም አልታየም። በዚህ ስፍራ የሚያስቸግረው ኤክሴፕሽን እውነተኛ ወዳጅ ነው፤ ዝም የሚያሰኘው ምርጫ ግን የበሽተኛን መዝገብ ከሌላ በሽተኛ ጋር ያደባልቃል።

፮. ያልተለመደ የሚባለው ለማን ነው?

ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ የጉዳዩ ሥር ይመስለኛል። ኤክሴፕሽን ማለት ከተለመደው የወጣ ማለት ከሆነ፥ የተለመደውን የሚወስነው ማን ነው? የኔትዎርክ መቋረጥን እንውሰድ። መብራትና መስመር በማይቋረጥበት ከተማ ለተቀመጠ ነዳፊ ይህ ብርቅ ነገር ነው፤ ስለዚህ በኤክሴፕሽን መልክ መምጣቱ ይስማማዋል። በእኛ ዘንድ ግን የሚጠበቅ ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ መብራት፥ ስልክና ባንክ አብረው መቋረጣቸውን የሚያስታውስ ሰው፥ መቋረጥን «ብርቅ ጉዳይ» ብሎ ሊጽፍ አይችልም።

በዚህ ረገድ አዲሶቹ ቋንቋዎች የያዙት መንገድ ሊመረመር ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው ጎና በ2015 የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ የወጣው ረስት፥ የሚጠበቅ መሰናክልን እንደ ተራ መልስ ይመልሱታል። ይህ ወደ ሲ መመለስ ይመስላል፤ ሆኖም ልዩነት አለው። በጎ መልሱና መሰናክሉ በሁለት በር ይወጣሉ። በረስት ደግሞ መልሱ በአንድ ዕቃ ውስጥ ታሽጎ ይመጣል፤ ጠሪው ዕቃውን ከፍቶ መልስ ነው ወይስ መሰናክል ብሎ ሳይመረምር በውስጡ ያለውን ሊጠቀምበት አይችልም። ሁለቱም ለፕሮግራሙ የራሱ ስሕተት፥ ማለት ፈጽሞ መሆን ለማይገባው ነገር፥ «ፓኒክ» የተባለ ሌላ መንገድ አላቸው። እንግዲህ ክፍፍሉ ግልጽ ነው፤ የሚጠበቀው መሰናክል በመልስ ይመጣል፥ የማይጠበቀው ሥራውን ያቆማል።

ስለ ክፍፍሉ አስፈላጊነት ከሁሉ የበለጠ የሚመሰክረው የአርያን 5 ሮኬት ታሪክ ነው። ግንቦት 27 ቀን 1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996) ይህ የአውሮፓ ሮኬት በመጀመሪያ ጉዞው ከተነሣ 40 ሴኮንድ ያህል ቈይቶ ፈነዳ። ምክንያቱም በአዳ ቋንቋ በተጻፈው የአቅጣጫ መለኪያ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ትልቅ ቁጥር ወደ 16 ቢት ሲለወጥ አልገባ ብሎ ኤክሴፕሽን መጣሉ ነው። የሚይዘው አልነበረም። የሥራው መመሪያም ኤክሴፕሽን ሲደርስ መሣሪያው ይቁም የሚል ነበር፤ ሁለተኛ ተጠባባቂ መሣሪያ ስላለ አይጎዳም ተብሎ ታስቦ ነው። ነገር ግን ተጠባባቂው ያንኑ ፕሮግራም ይዞ ስለ ነበረ በዚያው ምክንያት ቆመ። ከሁሉም የሚያሳዝነው፥ ኤክሴፕሽኑን የጣለው ክፍል ሮኬቱ ከተነሣ በኋላ ለምንም የማያስፈልግ ክፍል ነበር። ፕሮግራሙ የተወረሰው ከአርያን 4 ሲሆን፥ በዚያ ሮኬት ፍጥነት ያ ቁጥር ያን ያህል አይደርስም ነበር። በአንድ ስፍራ ፈጽሞ የማይሆን የተባለው በሌላው ስፍራ በመጀመሪያው ደቂቃ ሆነ።

፯. ሥራው በእኩሌታ ሲቀር

የመጨረሻው ነጥብ ስለ ጽዳት ነው። አንድ ፕሮግራም 20 ካርቶን መድኃኒት ከዋናው መጋዘን ቀንሶ በክፍሉ መዝገብ ላይ ሊጨምር ሲል፥ በሁለቱ መካከል መስመሩ ቢቋረጥ፥ 20ው ካርቶን በወረቀት ላይ የትም የለም። ኤክሴፕሽኑ ወደ ላይ መውጣቱ ብቻ ይህን አያድንም፤ ከኋላው የተዝረከረከውን ማን ይሰበስባል?

ለዚህ ቋንቋዎቹ የተለያየ መሣሪያ አላቸው። ጃቫና ፓይተን «ቢሳካም ባይሳካም በመጨረሻ ይህን አድርግ» የሚል ክፍል አላቸው። ሲ ፕላስ ፕላስ ዕቃው ከወሰኑ ሲወጣ ራሱን እንዲዘጋ ያደርጋል። ጎ ደግሞ መዝጊያውን በመክፈቻው አጠገብ ለማስጻፍ «ዲፈር» የሚባል ቃል አለው። ዴቪድ አብርሃምስ የተባለ የሲ ፕላስ ፕላስ ባለሙያ ደረጃዎቹን በሦስት ከፍሏቸዋል። ዝቅተኛው ደረጃ፥ ሥራው ባይሳካም ምንም አይበላሽም የሚል ነው። ከፍ ያለው፥ ካልተሳካ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል የሚል ነው። ከሁሉ የበለጠው፥ ፈጽሞ አይሰናከልም የሚል ነው። የመድኃኒቱ መዝገብ ቢያንስ ሁለተኛውን ይፈልጋል። በዳታቤዝ ሥራ «ወይ ሁሉም ይጻፍ ወይ ምንም አይጻፍ» የሚለው ሕግ የሚያገለግለው ለዚህ ነው።

፰. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው አራት ነገር ለመያዝ ይቻላል። አንደኛ፥ የመያዣውን ክፍል ባዶ መተው ማስረጃ እንደ ማጥፋት ይቈጠር፤ ምን እንደሚደረግ ካላወቅን ጉዳዩ ወደሚያውቀው ወደ ላይ ይውጣ። ሁለተኛ፥ በአገራችን የሚጠበቀውን መሰናክል፥ ማለት የመስመርና የመብራትን መቋረጥ፥ ከፋንክሽኑ መልስ እንደ አንዱ አድርገን እንንደፍ። ሦስተኛ፥ ከሌላ ስፍራ የመጣ ቤተ መጻሕፍት «የማይሆን» የሚለው ነገር በእኛ ዘንድ ይሆን እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ ለሙከራም ጳጉሜን 6ን፥ ጥቅምት 30ንና በፊደል የተጻፈ ስምን እንስጠው። አራተኛ፥ ሥራው በመካከል ቢቋረጥ መዝገቡ በምን ሁኔታ እንደሚቀር አስቀድመን እንጻፍ።

በወሎ ዩኒቨርሲቲ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፕሮግራም የምንማር ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራችንን ስናቀርብ የሚታየው የፊተኛው መንገድ ነው፤ ቁልፉ ሲነካ መስኮቱ ይከፈታል፥ ሁሉም ያጨበጭባል። መምህራኖቻችን ከፈቀዱ በዚያው ሰዓት መስመሩን ነቅለው፥ ጳጉሜንን ጽፈው ቢፈትኑን ከማርኩ ይልቅ ትምህርቱ ይበልጥ ይጠቅመናል። ያኔ ፕሮግራሙ ቢሰናከል እንኳ ምን እንደ ደረሰበት ሊወስን ለሚችለው ሰው በግልጽ ቃል ይናገር።